በዳገቱ አታመካኙ!

«ብስክሌት ለሕፃን፣ ሞተር ለጎረምሳ፣ መኪና ለሰው» የምትል ፈሊጥ በግቢያችን ከሻይ ጋር መቅረብ ከጀመረች ሰነባብታለች። ተናጋሪው ይስቃል፤ አዳማጩም ይስቃል፤ ከዚያ ሁሉም ተነሥቶ ባጃጅ ይጠራል። እኔ በበኩሌ ከመሳቅ ይልቅ መጻፍን መረጥኩ። ፈሊጧ ቀልድ ትምሰል እንጂ አንድ ሙሉ ፍልስፍና አዝላለች። የሰው ክብር የሚለካው በራሱ ጉልበት በሄደው መንገድ ሳይሆን በተሸከመው ሞተር ትልቅነት ነው የሚል ፍልስፍና! ይህ አስተሳሰብ ሐሰት መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ እኛን የዲላን ተማሪዎች በተለይ የሚጎዳ መሆኑ ደግሞ ሌላ ነው።

ክርክሬን ከወዲሁ በግልጽ ላስቀምጥ። ዲላ ላይ ከአማተር ብስክሌተኞች ጋር ማኅበር መግባት በተማሪ አቅም ከሚገኙ ደስታዎች ሁሉ ትልቁ ነው። ደስታው የሚመጣው ደግሞ ከብስክሌቱ ሳይሆን ከማኅበሩ ነው። ብስክሌት ለብቻው ብረት ነው፤ ሁለት ጎማ፣ አንድ ካቴና፣ ጥቂት ኩሽኔታ። ብረቱ ነፍስ የሚዘራው ከፊትህ የሚነዳና ከኋላህ የሚከተል ሰው ሲኖር ነው።

በመጀመሪያ «አማተር» የሚለውን ቃል ከውርደቱ እናንሣው። ዛሬ አንዱን «አማተር ነው» ስንል ያልበሰለ፣ ገና የሚንገዳገድ ማለታችን ነው። የቃሉ ሥር ግን ላቲን ሲሆን ትርጉሙ «የሚወድ» ነው። አማተር ማለት እንጀራ ስለሚያበላው ሳይሆን ስለሚወደው ብቻ የሚሠራ ሰው ነው። ይህች መጽሔት የምትወጣው በማን ሆነና? ያለ አንዳች ክፍያ የሚጽፈው፣ የሚያርመው፣ የሚያባዛው ሁሉ አማተር ነው። ታዲያ በግጥም ሲሆን አማተርነት የሚያስከብር፣ በብስክሌት ሲሆን የሚያሳፍር የሚሆነው በየትኛው ሎጂክ ነው?

አሁን ወደ ጉዳቱ ልምጣ። እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ፤ በአራት ዓመት ውስጥ የምናውቀው የጌዴኦ ምድር ምን ያህል ነው? ዋናው ግቢ፣ ኦዳያ፣ መናኸሪያው፣ ገበያው፣ አንድ ሁለት ጁስ ቤት። ዕረፍት ሲሆን 90 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሐዋሳ ስንጓዝ ዐይናችን ስልካችን ላይ እንደተተከለ ነው። ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ያለው አገር ለብዙዎቻችን ስሙ ብቻ ነው ያለው፤ ያውም በቡና ከረጢት ላይ የተጻፈው ስም።

የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ለምን ገባ? ከላይ ዋንዛውና ብርብራው፣ ከዛፎቹ ጥላ እንሰቱ፣ ከእንሰቱ ሥር ቡናው እየተደጋገፉ የሚኖሩበት እርሻ ስላለ ነው። እንደ ቱቱ ፈላና ጨልባ ቱቱቲ ያሉ የትክል ድንጋይ ሥፍራዎች ስላሉ ነው። ሰው ባሕር ተሻግሮ ሊያየው የሚመጣውን እኛ ከአጥሩ ማዶ ትተነው እንመረቃለን። የታሪክ ተማሪው ትክል ድንጋይን በስላይድ ያውቀዋል፤ የጂኦግራፊ ተማሪው ዳገትን በካርታ፤ የእኛው የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ደግሞ ገበሬን በልቦለድ። ይህ ነው ጉዳቱ! አንድ ሕዝብ መካከል አራት ዓመት በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ተኝቶ፣ ሕዝቡን ሳያዩ መውጣት።

መኪና ያሳልፋል እንጂ አያሳይም። እግር ያሳያል፣ ግን ቅዳሜ ጠዋት ወጥቶ ለምሳ አይመልስም። ብስክሌት በሁለቱ መካከል ነው። እግረኛ በሚያወጣው ጉልበት ብስክሌተኛ ሦስትና አራት እጥፍ ይርቃል። ሆኖም ፍጥነቱ ሰላምታ ለመለዋወጥ አያግድም፤ የሚታጠብ ቡና ሽታም አያመልጠውም። አገር ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ ካለ ንገሩኝና ይህን ጽሑፍ ራሴ እቀደዋለሁ።

እሺ፤ አሁን ተቃዋሚዎቼን በተራ ላስተናግድ።

የመጀመሪያው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ዲላ ዳገት ነው። ብስክሌት የባሕር ዳርና የሐዋሳ ነገር ነው፤ እነሱ ሜዳ ናቸው» ይላል። ግማሹ እውነት ነው። ባሕር ዳርና ሐዋሳ በሜዳቸው ምክንያት ብስክሌትን የዕለት ኑሮ አድርገውታል። ዲላ በ1,570 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከ40 ኪሎ ሜትር የማይርቀው ይርጋ ጨፌ ከ1,800 ሜትር በላይ ነው፤ በምሥራቅ በኩል ያለው የቡሌ ደጋ ደግሞ ከ2,500 ሜትር ያልፋል። ሁሉም ትክክል! ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ «ስለዚህ ብስክሌት አይሆንም» ማለት ቀልድ ነው።

ዳገት የብስክሌት ጠላት ቢሆን ኖሮ ከ2,300 ሜትር በላይ የተቀመጠችው አስመራ የብስክሌተኞች ከተማ ባልሆነች ነበር። ዳንኤል ተክለሃይማኖት እ.ኤ.አ. በ2015 በቱር ደ ፍራንስ ዳገት ለሚያሸንፍ የሚሰጠውን ባለ ቀይ ነጥብ ማሊያ ለበሰ። ቢንያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2024 በዚያው ውድድር ሦስት የዕለት ውድድሮችን አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ይዞ ጨረሰ። «ቢንያም እኮ የሚታወቀው በመጨረሻዋ ፍጥነቱ እንጂ በዳገት አይደለም» የሚል አዋቂ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ልክ ነው፤ ግን ሳንባውን ያሰፋው የትኛው ሜዳ ነው? ደግሞም የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካን ሲረግጥ፣ በመስከረም 2018 ዓ.ም.፣ የተካሄደው ኪጋሊ ነው። ሩዋንዳ «የሺህ ኮረብቶች አገር» የምትባለው ለጌጥ አይደለም። የዓለም ምርጥ ፈረሰኞች፣ ይቅርታ፣ ብስክሌተኞች፣ ዳገቱን ፍለጋ እዚያ ድረስ መጡ እንጂ ዳገቱን ሸሽተው አልቀሩም።

ሌላም ምሳሌ ልጨምር፤ ይህ በተለይ ለቡና አገር ሰው ይጠቅማል። ኮሎምቢያ እንደ ጌዴኦ የተራራና የቡና አገር ናት። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የኮሎምቢያ ቡና አምራቾች ፌዴሬሽን «ካፌ ዴ ኮሎምቢያ» በሚል ስም የብስክሌት ቡድን ይደግፍ ነበር። ሉቾ ኤሬራ የሚባለው ልጃቸው እ.ኤ.አ. በ1984 በቱር ደ ፍራንስ የአልፕ ዱዌዝን ዳገት ወጥቶ የዕለቱን ውድድር ሲያሸንፍ አማተር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1987 የስፔንን ትልቁን ውድድር ጠቅልሎ ወሰደ። ቡናቸውንና ዳገታቸውን በአንድ ማሊያ ላይ አኖሩት። እኛ ግን የይርጋ ጨፌን ቡና ዓለም ሁሉ ሲያውቀው የይርጋ ጨፌን ዳገት ማመካኛ አደረግነው።

ሁለተኛው ተቃዋሚ ባህል ጠባቂ ነኝ ባይ ነው። «ይህ የፈረንጅ ጨዋታ ነው፤ የኛ ሩጫ ነው» ይላል። ወንድሜ፣ ታሪክህን አታውቅም! ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የተካፈለችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ነው። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከመሮጡ አራት ዓመት ገደማ በፊት ማለት ነው። በዚያች የመጀመሪያ ቡድን ውስጥ ብስክሌተኞች ነበሩ። በጎዳናው ውድድር ገረመው ደንቦባ 24ኛ ወጣ፤ በቡድን ኢትዮጵያ 9ኛ ሆነች። ለመጀመሪያ ጊዜ ለቀረበ አገር ይህ ትንሽ ነገር ነው? ከዚያም በ2008 ዓ.ም. የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። እንግዲህ ብስክሌት የኛ ካልሆነ ኦሊምፒክም የኛ አይደለም።

ገረመውን ግን ከመካከላችን ስንቱ ያውቀዋል? አናውቀውም፤ ሜዳሊያ አላመጣምና። እዚህ ላይ ነው ሦስተኛውና ዋነኛው ተቃዋሚዬ የሚገባው። «ሻምፒዮን ካልሆንክ ምን ይሠራልሃል?» የሚለው ሰው። ይህ በሽታ ነው፤ የሜዳሊያ በሽታ እለዋለሁ። ዘፈን ለሽልማት፣ ትምህርት ለውጤት፣ ጓደኝነት ለጥቅም፣ ሩጫ ለወርቅ። ሕመምተኛው ማንኛውንም ነገር «መጨረሻው ምንድነው?» ብሎ ይጠይቅና መጨረሻ ከሌለው ይተወዋል። ከላይ ስለ ቢንያምና ስለ ኤሬራ የጻፍኩት እናንተን ቢንያምና ኤሬራ ለማድረግ አይደለም፤ የዳገትን ማመካኛ ለማፍረስ ብቻ ነው። ከኛ ማኅበር ውስጥ ቱር ደ ፍራንስ የሚደርስ ሰው የለም። አንደኛው ወፍራም ነው፣ አንደኛው መነጽሩ እየወደቀ ያስቸግረዋል፣ እኔ ራሴ ቁልቁለት ላይ ፍሬን የማልለቅ ፈሪ ነኝ። ያም ሆኖ ቅዳሜ ሲደርስ ዓርብ ማታ እንቅልፍ የሚነሣን ደስታ አለን። ይህን ደስታ በምን ሜዳሊያ ትለውጡታላችሁ?

ደስታው ምን ይመስላል ላላችሁኝ ልንገራችሁ። ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት እንገናኛለን። ማኅበራችን ስም የለው፣ ማኅተም የለው፣ ሊቀ መንበር የለው። ተማሪ አለ፣ የከተማው ልጅ አለ፣ አንድ ጎሚስታ አለ፣ ጡረታ የወጡ አንድ መምህር አሉ። ወደ ወናጎ እንወጣለን። የማኅበሩ ሕግ አንድ ብቻ ነው፤ ፍጥነቱን የሚወስነው የመጨረሻው ሰው ነው። ልብ በሉ! ክፍል ውስጥ የመጨረሻው ሰው ስሙ አይጠራም፤ እዚህ ግን ሁሉም ዞር ዞር እያለ የሚያየው እሱን ነው።

ሜዳ ሲገኝ መሪነት በተራ ነው። ነፋሱን የሚመታው ፊተኛው ነው፤ ከኋላው ተጠግቶ በፍጥነት የሚነዳ ሰው የጉልበቱን ሩብ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆጥባል። ስለዚህ አንዱ ይደክምልሃል፤ ጥቂት ቆይተህ አንተ ትደክምለታለህ። ስለ መተሳሰብ በዚህ ግቢ ስንት ንግግር ሰምተናል! እኔ ግን መተሳሰብን በጀርባዬ የተማርኩት ነፋስ ሲመታኝ ነው። ዳገቱ ሲመጣ ወሬ ይቆማል፤ ትንፋሽና የካቴና ድምፅ ብቻ ይቀራል። ጀማሪው «አልችልም» ይላል፤ መምህሩ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ማርሽ ቀንስ» ይሉታል። ከላይ ሲደርስ የሚስቀውን ሣቅ በፈተና ውጤት ጊዜ አይቼው አላውቅም።

ጎማ ሲፈነዳ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይከፈታል። ጎሚስታችን ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠ ልጅ ነው። ካመራዳሪውን አውጥቶ ውሃ ውስጥ ነክሮ ቀዳዳውን ሲፈልግ እኛ ባለ ዲግሪ ለመሆን የምንጣደፈው ዙሪያውን ቁጢጥ ብለን እንመለከተዋለን፤ ይጠይቀናል፤ አናውቅም፤ ይስቅብናል። ዲላ ውስጥ የከተማ ልጅ ተማሪን የሚያስተምርበት ሌላ ቦታ የት አለ? ደጃፋቸው ላይ የቆምንባቸው እናትም «ኑ፣ ቡና ጠጡ» ይላሉ። እንሰት ተተክሎ ለቆጮ እስኪደርስ ዓመታት እንደሚፈጅ የተማርኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን እንዲህ ካለ ደጃፍ ነው። የጌዴኡፋ ሰላምታም እንዲሁ።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አካባቢ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተፈናቅለዋል። ብስክሌት ሰላም ያመጣል የሚል ቧልት አልነግራችሁም፤ የሞተን አያስነሣ፣ የተቃጠለ ቤት አይሠራ። ነገር ግን መንገድ ላይ የማይገናኙ ሰዎችን የሚያገናኛቸው ወሬ ብቻ ነው፤ ወሬ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ አይተናል። እኛም በግቢ ውስጥ በመጣንበት አካባቢ ተቧድነን ነው የምንበላው። በዳገት ላይ ግን አጠገብህ የሚተነፍሰው ሰው ከየት እንደመጣ ለመጠየቅ ትንፋሽ የለህም፤ ውሃ አለህ ወይ ብቻ ነው የምትለው።

አራተኛው ተቃውሞ በእህቶቻችን ላይ የሚወረወረው ነው። «ሴት ልጅ ብስክሌት ላይ? ኧረ ሰው ምን ይላል!» ሰው ብዙ ይላል። ከኛ ጋር የምትነዳ አንዲት ተማሪ የመጀመሪያ ሰሞን ያልሰማችው ነገር የለም፤ ፉጨቱ፣ ሽሙጡ፣ «ውረጂ!» የሚለው። ዛሬ ግን በወናጎ መንገድ ያሉ ሴት ሕፃናት ገና ከሩቅ አይተዋት እየጮኹ ይከተሏታል። ሰው የሚለውን የለወጠው ክርክር ሳይሆን በየሳምንቱ መታየቷ ነው። እየሩ ተስፎምን አስቡ። የትግራይ ጦርነት አገሯን አስለቅቋት ፈረንሳይ ተጠለለች፤ በ2016 ዓ.ም. ክረምት በፓሪስ ኦሊምፒክ በስደተኞች ቡድን ስም በብስክሌት ተወዳደረች። እሷ አገር አጥታ ኮርቻዋን አልለቀቀችም፤ እኛ እህቶቻችንን በፉጨት ከኮርቻ ልናወርድ? ነውር ነው!

የቀሩት ሁለት ተቃውሞዎች ግን የከበዱ ናቸው፤ አላቃልላቸውም። አንዱ ገንዘብ ነው። ብስክሌት ለተማሪ ውድ ነው፤ ከቤቱ የሚላክለት በቆጠራ ለሆነ ልጅ «ግዛ» ማለት ስድብ ነው። መልሱ ግን እዚያው ማኅበር የሚለው ቃል ውስጥ አለ። አያቶቻችን ዕቁብን የፈጠሩት አንድ ሰው ብቻውን የማይችለውን ለመቻል አይደለም እንዴ? ሦስት ብስክሌት ለዘጠኝ ሰው ይበቃል፤ ሦስቱ ሲነዱ ሦስቱ ይጠግናሉ፣ ሦስቱ ቁርስ ያዘጋጃሉ። አንድ ጓደኛችን ማኅበሩ ከገባ ጀምሮ የራሱ ብስክሌት ኖሮት አያውቅም፤ አንድም ቅዳሜ ግን አምልጦት አያውቅም። ሁለተኛው የመኪና አደጋ ነው። በዲላ መካከል የሚያልፈው መንገድ የአዲስ አበባ-ሞያሌ መንገድ ነው፤ ከባድ መኪናው፣ አይሱዙው፣ ሚኒባሱ ሁሉ ይበርበታል። ይህ እውነተኛ ፍርሃት ነው። ስለዚህ ነው ብቻህን አትውጣ የምለው። አንድ ብስክሌተኛ ለሹፌር ነጥብ ነው፤ ስምንት ብስክሌተኞች በአንድ መስመር ሲነዱ ግን ሰልፍ ናቸው፣ ይታያሉ። በጠዋት እንወጣለን፣ ከመምሸቱ በፊት እንገባለን፣ የራስ ቁር ያላደረገ አይነዳም፣ ሲዘንብ ቁልቁለት በእግር ይወረዳል። ከዚህ አልፎ ለብስክሌት የተከለለ መንገድ መጠየቅ መብታችን ነው። አዲስ አበባ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት መንገዶቿ ላይ የብስክሌት መስመር ስታሰምር አይተናል። የዲላ መንገድ ላይ ብስክሌተኛ ሳይኖር ግን ማን ለማን ያሰምራል? ጠያቂው በመጀመሪያ መታየት አለበት።

እንግዲህ ተቃውሞዎቹ ሲቆጠሩ አራቱ ማመካኛ፣ ሁለቱ ችግር ናቸው። ማመካኛ ይጣላል፤ ችግር በጋራ ይፈታል። ለሁለቱም ሥራ ደግሞ ማኅበር እንጂ ግለሰብ አይበቃም። ያለፈው ዓመት ተመራቂዎች ፎቶግራፍ የተነሡት በግቢው በር ላይ ነው፤ የሚቀጥለው ዓመት ተመራቂ ፎቶግራፉን ከቡሌ ደጋ ላይ፣ ከታች የእንሰቱን አረንጓዴ አድርጎ ቢነሣው ምን ያህል ያምርበት ይሆን!

ለዚህ ጽሑፍ መልስ መጻፍ የምትፈልጉ ብዙ እንደምትሆኑ እገምታለሁ፤ አዘጋጆቹም ገጹን እንደሚከፍቱላችሁ አልጠራጠርም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። መልሳችሁን ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ ከኛ ጋር እስከ ወናጎ ውጡ። ብስክሌት እናውሳችኋለን፤ ፍጥነቱንም የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፣ የመጨረሻ ሰው ትሆናላችሁና። ስትመለሱ አሁንም «ብስክሌት ለሕፃን ነው» ካላችሁ፣ ጻፉ፤ እኔም አነብባለሁ።